ላዛኛው አላወቀኝም

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ በተቀመጥኩበት፣ ሕልም አየሁ። ሕልሙን የሚያወራ ሰው ያሰለቸኛል፤ ስለዚህ ቶሎ ልጨርሰው።

አዳማ ነበርኩ። ከተማው ያው ነው፣ ሙቀቱም ያው ነው፤ ነገሩ ሁሉ ግን ግልብጥ ብሏል። ባጃጆቹ ሾፌሮቻቸው ጀርባ ላይ ታዝለው ይሄዳሉ። አንድ የጋሪ ፈረስ ከጋሪው ላይ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ፣ ለሚጎትተው ሰውዬ «ጉድጓዱ ላይ ቀስ በልልኝ፣ ወገቤን ያመኛል» ይለዋል። ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ላይ ይዘንብ ነበር፤ ሰዎቹም ጃንጥላቸውን ገልብጠው ቆመውበታል።

ቡና ቤቶቹ ውስጥ ደንበኞቹ ከባንኮኒው ጀርባ ገብተው፣ ላብ በላብ ሆነው ብርጭቆ ያጥባሉ። እኛ ባርማኖቹ ወንበር ላይ ዘና ብለን እናጨበጭባለን። እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ሲጨበጨብብኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ማጨብጨብ እንዴት እንደሚያስደስት ያን ጊዜ ገባኝ። አጨበጨብኩ። ጠና ያለ፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ እየሮጠ መጣ።

«ምን ልታዘዝ፣ እመቤቴ?»

«ምን አለ?»

«እርስዎ ያሉት ሁሉ አለ።»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ገና አላሉም» አለና ያላልኩትን ሊያመጣ ሮጠ።

አጠገቤ አንድ የቢራ ጠርሙስ የአንዱን ሰውዬ አንገት ይዞ ኮፍያውን በመክፈቻ ፈነቀለው። ከሰውየው ጭንቅላት አረፋ ወጣ። ጠርሙሱ ቀመሰውና «ይሄ አልቀዘቀዘም፣ ሌላ ቀይሩልኝ» አለ።

በዚህ መሀል የትራፊክ መብራቱ በሩን ከፍቶ ገባ። ቀይ በራ። ሁሉም ባለበት ቆመ፤ አረፋውም ጭምር።

«የከተማው ባርማኖች በሙሉ!» አለ። «ዛሬ የምትወዱትን ምግብና የምትበሉበትን ቤት በሰው ፊት ትናገራላችሁ። ምግቡ መጥቶ ይመሰክራል። ምግቡ አላውቀውም ያለው ባርማን ደንበኛ ይሆናል።»

ወንበሮቹ ሁሉ ተንጫጩ። ደንበኛ መሆን ማለት ዕድሜ ልክ ትሪ ይዞ መቆም ነው። ከባንኮኒው ጀርባ የቆሙትን ሰዎች ዓይን ማየት ይበቃል።

ሌላው ባርማን የሚወደውን ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን የምለውን መምረጥ ጀመርኩ። ከሁሉም በፊት ወደ አእምሮዬ የመጣውን ምግብ ቶሎ ገፋሁት። እሱን በሰው ፊት ከምናገር ትሪውን ብይዝ ይሻለኛል አልኩ። ትሪውንም ደግሞ አልፈለግኩም። ስለዚህ አንድ የተከበረ ምግብ ፈልጌ፣ ሸንጎው ሳይጀመር መተዋወቅ ነበረብኝ።

ሮጥኩ። አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ምግብ ቤት አለ። ደረጃውን ለመውጣት መውረድ ነበረብኝ። ስደርስ ወንበሮቹ ሰው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ሜኑው ብቻ መጣና ትከሻዬን ይዞ ገለጠኝ፤ ያነበኝ ጀመር።

«ምን ምን አለባት?» ሲል አንድ ወንበር ጠየቀው።

«እ... ዲግሪ አለ፤ በማኔጅመንት» አለ ሜኑው ገጽ እየገለበጠ። «ቀዝቅዟል። ትንሽ ኩራት አለ። እዚህ ጋ የሆነ ነገር ተሰርዟል። ቆይ እስቲ ላየው...»

«ላዛኛ አለ ወይ ለማለት ነበር» አልኩ ቶሎ።

«ላዛኛ ሰው ጋ ሄዷል» አለና ዘጋኝ።

ወዲያው አደባባዩ ላይ ነበርን። ምግብ ቤቶቹ በረንዳቸውን እንደ ቀሚስ ሰብሰብ አድርገው በእግራቸው መጡ። የቆቃው ዓሣ ቤት ውኃ እያንጠባጠበ መጣ። አንድ ክትፎ ቤት ሰው እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ከሁሉ ፊት ቆመ።

መጀመሪያ ገመቹ ተነሣ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ባር ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ድምፁ ከሙዚቃው ይበልጣል።

«የተጠበሰ ዓሣ! ከቆቃው ቤት!»

ዓሣው ብድግ ብሎ ወገቡ ላይ ያለውን ሎሚ አስተካከለ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ጭንቅላቴን ሳይቀር ይበላል። ዓይኔን ግን አይነካም። እያየሁት ስለሆነ ያፍራል።»

«ውሸትህን ነው!» አለ ገመቹ። «ዓይን አልወድም እንጂ ምን ያሳፍረኛል!»

«ያፍራል» አለ ዓሣው ለመብራቱ። አረንጓዴ በራ። ተጨበጨበ።

ቀጥሎ ጋሽ ወንድይፍራው ተነሣ። በከተማው ካሉት ባርማኖች ሁሉ አንጋፋው ነው፤ እኛን ሁላችንንም ድራፍት አቀዳድ ያስተማረን እሱ ነው። «ዱለት» አለ ቀስ ብሎ። «ከእልፍነሽ ቤት። በማለዳ፣ ሰው ሳይመጣ።»

ዱለቱ በትንሽ ሳህን መጣና «ጋሼ» ብሎ ጉልበቱን ሳመው። ሚጥሚጣው ተነሥቶ ሁላችንንም አስለቀሰን። ማን በፍቅር፣ ማን በሚጥሚጣ እንዳለቀሰ መለየት አልተቻለም። አረንጓዴ በራ።

ሰናይት ተነሣች። ሰናይት የምትሠራው እኔ ካለሁበት በኮከብ በሚበልጥ ሆቴል ነው። ጥፍሯ እንኳ በቀጠሮ ነው የሚሠራው። ይቺ ደግሞ ምን ትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጮኸች።

«ፓስታ በእንጀራ! ከነዳጅ ማደያው ጀርባ፣ አግዳሚ ላይ!»

ፓስታው እንጀራውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ መጣ። «የኔ ቆንጆ፣ ትናንት ምነው ቀረሽ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው ባክህ።»

«ብቻ ሹካ ይዘሽ እንዳትመጪ።»

«ሞቼ ነው!»

ጭብጨባው አደባባዩን አናወጠው። እንዲህ ቀላል ነበር። ፓስታ በእንጀራ ያለች ሴት እንደዚህ ከተጨበጨበላት፣ የሚያሳፍር ምግብ የለም ማለት ነው። አለ እንጂ፤ አንድ አለ። እሱን እኔ አውቀዋለሁ።

«ሐመልማል!» አለ መብራቱ።

ተነሣሁ። «ላዛኛ» አልኩ። «አምስተኛ ፎቅ ላይ ካለው ቤት።»

ፎቅ በሌለበት ሊፍት ወረደ። ላዛኛው ወጣ። በዚያ ሙቀት ካፖርት በካፖርት ላይ ደርቦ ነበር። አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን አወለቀ፣ አሁንም ሌላ አወለቀ፤ እኛ ሁላችን ቆመን ጠበቅነው። ከዚያ ረጋ ብሎ አየኝ።

«ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?»

«አምስተኛ ፎቅ» አልኩ።

«የቱ ጠረጴዛ?»

«በመስኮቱ በኩል ያለው።»

«ሁሉም በመስኮት በኩል ነው፤ ቤቱ እኮ መስታወት ነው።» ወደ መብራቱ ዞረ። «ቅድም መጥታ ሜኑው አንብቧት እንደሄደች ሰምቻለሁ። ይሄ መተዋወቅ አይባልም።»

ካፖርቶቹን አንድ በአንድ ለብሶ ሄደ። ጆሮዬ ጋለ። ቢጫ በራ።

«ሌላ ምግብ አለሽ?»

«በያይነቱ!» ብዬ ጮህኩ። በያይነቱ ማንንም አይክድም ብዬ ነው። በያይነቱ ግን ኮሚቴ ሆኖ መጣ። ሰብሳቢው ምስር ነበር።

«ይቺን ልጅ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አለ ምስር።

ድንች ካሮትን አየ። ካሮት መሬት መሬቱን አየ። ቀይ ሥር ድምፀ ተዓቅቦ አደረገ።

«የሠራተኛ ምሳ ላይ ሁልጊዜ እንጠብቃታለን» አለ ጎመን። «እሷ ከባንኮኒው እስክትላቀቅ ድስቱ ይታጠባል። አንድ ቀን እንኳ አልተገናኘንም።»

«ታዲያ ይቺ ልጅ ምን እየበላች ነው በእግሯ የምትቆመው?» አለ ምስር።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ ኋላ የሳህን ኮሽታ ተሰማ።

«እባካችሁ አሳልፉኝ። እኔ አውቃታለሁ።»

ደረቅ ጥብስ ነበር። ግማሹ የለም። ሞራው ረግቶ ነጭ ሆኗል። አንድ ስቴኪኒ ትከሻው ላይ ተሰክቶበታል። የተጨማደደ ሶፍት ራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚሄድ ሰው አንገቱን ደፍቶ ያነክሳል።

«አንተ ደግሞ የየትኛው ቤት ነህ?» አለ መብራቱ።

«የማንም ቤት አይደለሁም። ትራፊ ነኝ።»

«የት ነው የምትተዋወቁት?»

«ከባንኮኒው ሥር። ጎንበስ ብላ።»

«አላውቀውም» አልኩ።

«ንጹሕ ልጅ ናት» አለ ጥብሱ፣ ሊያግዘኝ። «ጥርስ ያረፈበትን ለይታ ትተዋለች። ሶፍት የነካውን አትበላም። አንድ ቀን ሊፒስቲክ ያለበት ቁራጭ ደርሷት፣ ጫፉን ቆርጣ ጣለች እንጂ እኔን አልተጸየፈችኝም።»

«ዝም በል!»

«እያመሰገንኩሽ እኮ ነው።»

ባመሰገነኝ ቁጥር ከደንብ ልብሴ ላይ አንድ ቁልፍ ተበጥሶ ይወድቅ ነበር። ደንበኞቹ ትሪያቸውን እንደያዙ ቀረቡ።

«የኔ ነው!» አለ አንዱ። «ሮዝመሪ ያለበት የኔ ነው! እኔ ነኝ ያበላኋት!»

«የምን ያንተ! አንተ አጥንት አይደል እንዴ የምትተወው?»

«ታዲያ አጥንቱስ ቀረ? ጋጠችው እንጂ!»

ተሳሳቁ። እርዳታ ፈልጌ ወደ ባርማኖቹ ዞርኩ። ገመቹ ጫማውን ያያል። ሰናይት ጥፍሯን ታያለች። ጋሽ ወንድይፍራው ብርጭቆ ሳይኖር ብርጭቆ ይወለውላል። አንዳቸውም አልሳቁም። ይሄ ባሰብኝ፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

መብራቱ ጎንበስ ብሎ አጠገቤ መጣ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንቺ ልጅ፣ ምስክርሽ መጥቶልሻል። የቀረሽ አንድ ነገር ነው። ‹የኔ ምግብ ይሄ ነው› በይ፣ ጮክ ብለሽ፤ ወንበርሽ ላይ ትቀመጫለሽ። ካላልሽ ትሪ ትይዣለሽ።»

«በይ እንጂ የኔ ልጅ» አለ ጥብሱ። «ይበልጥ እየቀዘቀዝኩ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። አደባባዩ ሁሉ አፌን ያያል። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ገፋሁት፤ አልወጣም አለኝ።

«እኔ ሥጋ አልበላም» አልኩ። «ጾም ላይ ነኝ።»

በያይነቱ በሙሉ ብድግ አለ። «ጥር ነው! ማክሰኞ ነው! የምን ጾም?»

«የራሴ የግል ጾም ነው።»

ቀይ ሥሩ አፈረልኝ፤ ይበልጥ ቀላ።

መብራቱም ቀይ በራ። ትሪው በራሱ እግር መጥቶ እጄ ላይ ወጣ። ከባድ ነበር። ደንበኞቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ከመካከላቸው ቦታ ሰጡኝ። ጥብሱ ሶፍቱን አውልቆ ዓይኑን ጠረገና ወደ እኔ አነከሰ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ሁለት እጅሽ ተይዞ አሁን በምን ልትበዪ ነው?» አለ። «ነይ፣ ላጉርስሽ።»

«ተው፣ ሰው ያያል።»

«ካየ ቆየ እኮ።»

ከራሱ ጎን ቆርሶ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ፣ አፌ ውስጥ ከተተው። ጉርሻው ትልቅ ነበር። ልተፋው አልኩ። ጣፈጠኝ። ከሁሉም በላይ ያፈርኩት እዚህ ላይ ነው፤ አላውቀውም ያልኩትን ምግብ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እየጣፈጠኝ አላመጥኩት።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ነቃሁ።

ከባንኮኒው ሥር የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጫለሁ። እየበላሁ እንቅልፍ ጥሎኛል፤ ሳህኑ ጭኔ ላይ ነው፣ አፌም የእውነት ሙሉ ነው። ቀና ስል አንድ ሰውዬ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቁልቁል ያየኛል። ቅድም ከጓደኞቹ ጋር ምሳ በልቶ የወጣ ደንበኛ ነው፤ የመኪና ቁልፉን ረስቶ ተመልሷል። እኔን አየኝ። ከዚያ ሳህኑን አየ። አወቀው።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ተነሥቶ ቁልፉን ማቀበልም ይቻል ነበር። ግን ሰው እየበላ ሳለ ሌላ ሰው ከመጣ፣ አፍ የሚለው የታወቀ ነው። አፌ እኔን ሳይጠይቅ አለው።

«እንብላ!»

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በትሕትና አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«ብዪ፣ ብዪ» አለኝ። «እኔ ጠግቤ ነው የተውኩት።»