የት እንዳለህ ማን ነገረህ?

እትዬ ትበርህ ባለቤታቸውን አቶ ገብረመስቀልን መስቀል ፍላወር ካለ አንድ ሆቴል፣ ከነፒጃማቸው ከአልጋ ጎትተው አውጥተው፣ ሰፈራችን ካዛንቺስ ድረስ በእግር ነዷቸው ይባላል። ይህን ያልሰማ የሰፈራችን ሰው ካለ ወይ ክፍለ ሀገር ከርሟል፣ ወይ ራሳቸው አቶ ገብረመስቀል ናቸው። ወሬውን ካዳረሱት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ማረሙም የኔ ፋንታ ነው። ፒጃማ የተባለው የፀጉር ቤት ፎጣ ነው። ሆቴል የተባለውም ፀጉር ቤቱ ነው። አቶ ገብረመስቀል በስልክ «ሰንጋ ተራ ነኝ፣ ቢሮ ገብቻለሁ» ሲሉ፣ እትዬ ትበርህ ከንግግራቸው ኋላ የመላጫ ማሽን ድምፅ ሰሙ። በቃ። የሚላጩበትን ቤት ያውቁታል፤ ሰውየው ግማሽ ጭንቅላታቸው ተላጭቶ ሳለ በሩ ላይ ደረሱባቸው። አልጎተቷቸውም። ቦርሳቸውን ታቅፈው፣ ሌላኛው ግማሽ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁና፣ «ለምን መጣህ አላልኩም፤ የት ነህ ነው ያልኩት» ብለው ወጡ።

በየሰፈሩ፣ ሌላው ሰው «እንዴት አደርክ» በሚልበት ቦታ «የት ነህ» የሚል አንድ ፍጡር አለ። ጤናህ አያሳስበውም፤ ቦታህ ነው። መልስ ብትሰጠው አይበቃውም፣ ማስረጃ ይላል። ለኛ ሰፈር የተመደቡት ክብርት ወይዘሮ ትበርህ ናቸው። አንድ ጠዋት ደውለው «የት ነህ?» ሲሉኝ፣ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ «ታክሲ ውስጥ፣ ዑራኤል ደርሻለሁ» አልኩ።

«ጥሩ። ስልኩን ለወያላው ስጠው።»

ምን ላድርግ? ድምፄን አጎርንኜ «ሀሎ፣ ወያላው ነኝ» አልኩ።

«ወያላው፣ ወደይ፣ ያንን ሰነፍ ከአልጋ ውረድ በልልኝ።» ወደይ በትግርኛቸው ልጄ ማለታቸው ነው። ሲቆጡ ነው የሚወልዱኝ።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ አልመጣም። ክብርትነታቸው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። በሆቴሉ ደንብ እንግዳ ሲወጣ ቁልፉን ታች ይተዋል፤ ቁልፉ ሰሌዳው ላይ ከተሰቀለ እንግዳው የለም ይባላል። እትዬ ትበርህ ግን ቁልፉ ታች ተሰቅሎ፣ ሰውየው ሁለት ፎቅ ወደ ላይ፣ የሰው ክፍል ውስጥ ካልሲውን ሲፈልግ ስንት ጊዜ እንዳገኙት ብነግራችሁ የብዙ ሰው ትዳር ይናጋል። «ቁልፍ ምን ያውቃል?» ይላሉ። «የተሰቀለበትን ነው የሚያውቀው።» ስለዚህ ስልክ ሲመጣ ሰሌዳውን አያዩም፤ ክፍሉን ይደውላሉ፣ ካልተነሳ ጎረቤቱን፣ ካልተነሳ ከላይ ያለውን። ሰውየውን ሳያገኙ «የለም» ብለው አያውቁም። ይህን የሚያመሰግን እንግዳ ግን ብዙ አልነበረም።

ጡረታ ሲወጡ ካዛንቺስ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው የጽሕፈት አገልግሎት ከፈቱ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ እኔ። ሆቴሉ ውስጥ ስምንት ወር የኖረ አንድ የኮምፒውተር ሰው፣ ክፍሉ ውስጥ አለመሆኑን አንድም ቀን ለማንም ስላልተናገሩበት ውለታ ሊመልስ ይሁን እንጃ፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስነሻ ፕሮግራም በነጻ ጭኖላቸው፣ አሠራሩንም አስተምሯቸው ነበር። እሳቸው እኔን አስተማሩኝ። በማስመሪያ እየመቱ።

አሁን ወደዚያ ዓርብ ልውሰዳችሁ። የ1999 ክረምት ነው። ከሰፈሩ ገሚሱ ሊፈርስ ተወስኖ ዶዘሩ ገብቷል፤ የምትክ ቤት ስፋት ደግሞ በልኬት ነው የሚታየው። በመንግሥት ልኬት ያልተስማማው ነዋሪ ኮሚቴ አቋቋመና በራሱ ሜትር ቤት ለቤት ለካ። ሰብሳቢው አቶ ጦይብ፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሜትር ሲይዙ እጃቸው አይዋሽም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ተለካ፤ ክፍሉ፣ ጓዳው፣ ከነንድፍ ሥዕሉ። ከዚያ ውስጥ መቶ አርባው ፈርሷል። ቁጥር አርባ ሰባትም፣ የእትዬ ትበርህ ቤት፣ ከአሥር ቀን በፊት ወድቆ እሳቸውና አቶ ገብረመስቀል እህታቸው ዘንድ ተጠግተዋል። የቆመ ቤት ብትሳሳት ደግመህ ትለካዋለህ። የፈረሰውን በምን ትለካዋለህ?

ልኬቱ የተጻፈበት ደብተር ላይ የአቶ ጦይብ ሱቅ ጣሪያ አፍስሶበት ቀለሙ ፈሷል። ግልባጩ የነበረበትን ፍላሽ ቫይረስ በልቶታል። እንግዲህ የሰፈሩ ልኬት በምድር ላይ የቀረው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ፣ ዋና በሚል ፎልደር ብቻ ነው። ታትሞ እስከ ስምንት ሰዓት ለቅሬታ ሰሚው ካልገባ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አይቀበሉትም።

ሰባት ከሃያ ላይ አቶ ጦይብ ከጁምዓ ሶላት መጡ፤ ጫማቸው ጭቃ ነው።

«አለቀ?»

«አላለቀም» አልኩ። «ኮምፒውተሩ ሞልቷል። ለማተም የሚሆን ቦታ አጣ።»

«ቦታ አጣ? እሱም?» አሉ አቶ ጦይብና ወንበር ፈለጉ።

እትዬ ትበርህ መነጽራቸውን አወረዱ። «ረቂቅ የሚለው ፎልደር ውስጥ የድሮ ሥዕሎቹ አሉ። ከባድ ናቸው፤ አያስፈልጉም። እሱን አጥፋ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። መብራቱ ሁለቴ ጨለም ብሎ ተመለሰ፤ ሦስተኛው ላይ እንደማይመለስ ሁላችንም አወቅን። «እዚህ ያለውን ሁሉ አጥፋ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ይህ ትእዛዝ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አይጠይቅም፤ የጠፋውን መልሰህ የምታነሳበት ቅርጫትም የለውም። ጣቴን ትእዛዙን የሚያስፈጽመው መጫኛ ላይ አኖርኩ።

«ቆይ» አሉ እትዬ ትበርህ። «የት ነህ?»

«እዚሁ ነኛ! አጠገብዎ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ። የምታዘው ሼል የት ነው?»

«ረቂቅ ውስጥ። ይኸው ግርጌው ላይ ተጽፏል እኮ፣ እትዬ።»

«የት እንዳለህ ማን ነገረህ?»

«ኤዲተሩ!»

«ለኤዲተሩስ ማን ነገረው?»

ለማያውቅ ላስረዳ። የምንጽፈው ኤዲተር በሚባል መጻፊያ ውስጥ ነው። እዚያው ውስጥ ሼል የሚባል ገጽ ይከፈታል፤ ኮምፒውተሩን በጽሑፍ የምናዝዘው በሱ ነው። ሼል ሁልጊዜ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቆማል፤ አጥፋ ካልከው የቆመበትን ነው የሚያጠፋው። የት እንደቆመ ደግሞ ኤዲተሩ ከግርጌ ይጽፍልሃል። እንዴት ያውቃል ካላችሁ፣ አያውቅም። ይሰማል። «ወደዚያ ፎልደር ሂድ» ብለህ ስትጽፍ ጆሮውን ጣል አድርጎ ይይዝና «ሄዷል» ብሎ ያወራል። ሼሉን ራሱን አይጠይቅም። እኔ በወሬ ያደግኩ ሰው ነኝና ይህ አሠራር ምንም ነውር አልታየኝም ነበር።

«ወይዘሮ ትበርህ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ነው ያለን» አሉ አቶ ጦይብ። «ልጁ ይጫነው።»

«ይጠይቅ።»

«እኔ ልጫነው በቃ!» ብለው ጣታቸውን ሰደዱ። ሜትር የለመደ ረጅም ጣት ነው፤ መጫኛው ላይ ሊያርፍ የምስር ፍሬ ያህል ሲቀረው ማስመሪያው ጧ አለ። አንድ የተከበሩ የኮሚቴ ሰብሳቢ እንደ ተማሪ ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አቶ ጦይብ» አሉ እትዬ ትበርህ። ማስመሪያውን ግን አላስቀመጡም። «በል፣ ወደይ። የጻፍከውን ፊደል በፊደል አጥፋ። ከዚያ ራሱን ጠይቀው።»

ፊደል በፊደል ወደ ኋላ አጠፋሁ። ከዚያ ሼሉ ያለበትን እንዲናገር የሚያስገድዱትን ሦስት ፊደላት አስገባሁ፤ ፒ፣ ደብሊው፣ ዲ። ተጫንኩ።

ግርጌው ላይ ኤዲተሩ ረቂቅ እንዳለ ነው። ከሱ በላይ ሼሉ መለሰ። ዋና።

ዶዘሩ ውጭ አንድ ግድግዳ ጣለ፤ የማን እንደሆነ አላየንም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ጠዋት ከረቂቁ ወደ ዋናው መመላለስ ሰልችቶኝ፣ ወደ ዋናው የሚወስደውን ረጅም ትእዛዝ በአንዲት ፊደል አሳጥሬ የቤት ስም አውጥቼለት ነበር። ሼሉ የቤት ስሙን ያውቃልና ሲጠሩት ሄደ። ኤዲተሩ ግን የሚያውቀው የክርስትና ስሙን ብቻ ነው፤ አልሰማም፣ ስለዚህ ‹ረቂቅ ነው› እያለ ማውራቱን ቀጠለ። በልበ ሙሉነት። በጥሩ ፊደል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት በአንድ ጣት ላፈርስ ነበር። ዶዘሩ እንኳ በቀን ዐሥር ነው የሚችለው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ጦይብ ቀስ ብለው። የተመታ ጣታቸውን እንደ ዘመድ ያዩታል።

እትዬ ትበርህ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «አሁን ወደ ረቂቁ ውሰደው። ስትደርስ ደግመህ ጠይቀው።» ወሰድኩት፤ ጠየቅኩት፤ ረቂቅ አለ። «አንዴ ድገመው።» ደገምኩት። አጠፋሁ። ቦታ ተገኘ፣ ማተሚያው እየተንተባተበ ማተም ጀመረ፣ በገጽ አምስት አምስት ቤት።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሰዓት ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን ማተሚያው ስድሳ ምናምን ገጽ እስኪያወጣ እንኳ አላስቀመጡኝም። ሼሉ በያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ ያለበትን ራሱ እንዲጽፍ፣ ኤዲተሩም የሰማውን ትቶ ያንን እንዲያነብ አስደረጉኝ። አንድ ወሬኛ በትእዛዝ ከሥራው ሲባረር ቆሜ አየሁ፤ የሙያ አጋሬ ነበርና ትንሽ አዘንኩ።

ሰባት ከአርባ ስምንት ላይ ወረቀቱን በፌስታል ሦስት ጊዜ ጠቅልለን ወጣን። አቶ ጦይብ ከፊት፣ እትዬ ትበርህ መሐል ወረቀቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው፣ እኔ ጃንጥላውን በሳቸው ላይ ይዤ፣ ዝናቡን በራሴ ላይ። ስለሳቸው ያወራሁት ሁሉ በየተራ ትዝ እያለኝ ነበር። የፀጉር ቤቱን ወሬ ሆቴል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ፒጃማውንም ያለበስኩት እኔ ነኝ። ብነግራቸው ደግሞ የሚጠይቁኝ ያኔ የት ቆሜ እንዳወራሁት ነው። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት አትወደድም?

ስምንት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ቅሬታ ሰሚው መስኮት ጋ ደረስን። ከውስጥ ያለችው ወጣት ጸሐፊ ገጾቹን ቆጠረች፣ ማኅተሙን ቀለም አስነካችና የአስረካቢ ቅጽ ሰጠቻቸው። እትዬ ትበርህ መነጽራቸውን ጠረጉ። ስማቸውን ጻፉ። ስልካቸውን ጻፉ። ፈረሙና መለሱላት።

«አድራሻውን ረሱት፣ እማማ» አለች ልጅቷ፣ ማኅተሙን ከፍ አድርጋ እንደያዘች።

እትዬ ትበርህ ቅጹን ተቀብለው ብዕሩን ባዶው መስመር ላይ አሳረፉ። አቶ ጦይብ ወደ ጫማቸው አቀረቀሩ። እኔ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳቸው ቀልዶች አሉ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«አልረሳሁትም፣ ልጄ» አሉ። «የቱን ልጻፍልሽ? የነበርኩበትን ነው ያለሁበትን?»