ከልጃቸው የሚያንሱ እናት

አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይወለዳል? እኔ አንድ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ለጥናት አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሄጄ፣ ሠራተኛውን ጋሽ በዳዳን የልደት ቀናቸውን ብጠይቃቸው፣ «የፋይሉን ነው የእናቴን?» አሉኝ። ለመቀጠር ዕድሜ ጨምረው ኖሮ፣ አሁን በፋይሉ ጡረታቸው ደርሷል። «የእናቴን ጻፊልኝ፣ እህቴ፤ ከሥራ አታስወጪኝ።»

ቤታቸው ሄጄ ስጠይቃቸው እናታቸው እማማ ጫልቱም፣ «የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ የድሬዳዋው ባቡር ሲያፏጭ ወለድኩት። ፋይሉ ያኔ የት ነበር?» ብለው ተቆጡ።

መመሪያዬ ግን «ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ውሰዱ» ይላል። ድፍረት አጥቼ የሁለቱንም ከመዝገብ ወሰድኩ። እማማ ደግሞ ጥጥ ፋብሪካ ሲቀጠሩ ዕድሜ ቀንሰው ነበርና፣ በቅጼ ላይ ከልጃቸው በሁለት ዓመት አነሱ።

«ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ ልበለው?» አሉኝ።

ቅጼ ማኅተም ተመትቶበት መሥሪያ ቤታቸው ደረሰና፣ በወሩ ጋሽ በዳዳ ጡረታ ወጡ። የማኅተምን ኃይል እዩልኝ! እናታቸው ግን ዛሬም ማለዳ ወደ ፋብሪካቸው ይገሰግሳሉ፤ ሳገኛቸው ከመንገድ ዳር ቆሜ እጅ እነሣለሁ።