አያ ውዱ ያልፈቀዱት ናይትረስ

በየከተማው፣ ሰው ሁሉ "ንዳው!" ሲል "ቆይ!" የሚል አንድ መካኒክ አይጠፋም። አንተ በቸኮልክ ቁጥር እሱ ጊዜው ይረዝማል። የጎንደሩን እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ክቡር የአይሆንም ሚኒስትር፣ አያ ውዱ ናቸው። ጋራዣቸው አዘዞ ነው።

ዘንድሮ ፀዳ በኩል መንገድ ተዘግቶ የመኪና ውድድር ሊካሄድ ነው ሲባል፣ የሚስቴ የየትነበርሽ ወንድም ማንያዘዋል በሰው ፊት "አንተንማ በኋላ ማርሽ እቀድምሃለሁ" አለኝ። እልህ ያዘኝ። ዱባይ ያለ ዘመዴን ለምኜ ለዲኤክስ መኪናዬ ናይትረስ አስመጣሁ፤ ሞተር በአንዴ ብዙ ቤንዚን እንዲያቃጥል የሚያግዝ ጋዝ ነው። ሲሊንደሩን አቅፌ አያ ውዱ ዘንድ ስደርስ በማግስቱ የምበር መስሎኝ ነበር።

"ቆይ! ምነው ትቸኩላለህ? ሞተሩ ይችለዋል ወይ?"

ፓምፑ ቤንዚን አያደርስም ብለው አስቀየሩኝ። ካንዴላው ሙቀቱን አይችልም ብለው አስቀየሩኝ። ታይሚንጉን፣ ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ጊዜ፣ አዘገዩት። በጀሪካን የገዛሁትን ቤንዚን አሽትተው "ይህን ለጠላትህ ስጠው" ብለው መለሱልኝ። ከጋዙ ጋር የቀዳዳቸው ስፋት የተለያየ ሦስት የጋዝ ማሳለፊያዎች መጥተው ነበር፤ ትንሿን ገጠሙና ሁለቱን ኪሳቸው ከተቱ። "አያ ውዱ፣ መካከለኛዋን ብቻ!" ብዬ ብለማመጥ "ከትንሹ ይጀመራል" አሉ። በሙከራው ዕለት ጋዙን ለጥቂት ሰከንድ ለቅቄ ስቆም፣ እኔ በደስታ ስጮህ እሳቸው ካንዴላዎቹን ፈትተው ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳልጋለ በቀለማቸው ያያሉ።

"ሸጋ ነው" አሉ በመጨረሻ። ከሳቸው አፍ ይህን መስማት ሹመት ነው።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ብርድ ነበር። ሲሊንደሩ ቀዝቅዞ የግፊት መለኪያው ወርዷል። ማንያዘዋል ከጎኔ ሞተሩን ያስጓራል። ይሄኔ ጓደኛዬ አዳነ ሲሊንደሩን ሊያሞቅልኝ ከሰል የተያያዘበት ማንደጃ ይዞ ከች አለ። አያ ውዱ እንዲያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም።

"እሳት? ይህን ዕቃ በእሳት? ግፊቱ ከመጠን አልፎ ፈንድቶ ሁላችንንም ይፈጀናል!"

ሲሊንደሩን ፈትተው ግድግዳ ሥር አስቀመጡና ፀሐይ ወጥታ እስክታሞቀው አጠገቡ ቁጭ አሉ። ፀሐይዋ አልወጣችም፤ ስሜ ተጠራ።

"አያ ውዱ፣ በፈጠረዎት!"

"አይሆንም። ግፊቱ አልሞላም፤ ያለሱ ሂድ።"

ያለሱ ሄድኩ። ማንያዘዋል ቀደመኝ፤ በኋላ ማርሽ ባይሆንም ቀደመኝ። ሁለተኛ ያንን ጋራዥ አልረግጥም ብዬ ማልሁ።

በሳምንቱ አዲ አርቃይ ሠርግ ተጠራን። የትነበርሽ ልጆቹን ሰብስባ በር ላይ ቆመች።

"አያ ውዱ ሳያዩት እኔ እዚህ መኪና ውስጥ አልገባም።"

"በሳቸው የተነሳ አይደል ወንድምሽ የቀደመኝ!"

"ሂድ፣ አሳያቸው።"

ኩርፊያዬን ውጬ ሄድኩ። አያ ውዱ መኪናው ሥር ገብተው ፍሬኑን ሲፈትሹ ግማሽ ቀን አስቀመጡኝ።

ሊማሊሞ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር የትነበርሽ ወደ ገደሉ አየት አደረገች።

"ፍሬኑን ያዩት እሳቸው ናቸው አይደል?"

"እሳቸው ናቸው።"

ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። ልጆቹም ተከተሏት። ስንቱ ዳዊት የሚደግምበት መንገድ ላይ ቤተሰቤ በሙሉ ያንኮራፋል! እውነቱን ልናገር? እኒያን ክፉ ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ። ሹፌሩ ባልሆን ኖሮ እኔም እተኛ ነበር።