ዶክተሩና የቀለም መርጫው

የትም ጋራዥ ግቡ፣ ዕቃውን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቅ አንድ ሰው አታጡም። የኛው ቀለም ቀቢው ነበር። ስሙ ከተረሳ ቆይቷል፤ "ክቡር ዶክተር" ነው የምንለው። የቀለም መርጫውን ሲያጥብ ላየው ሰው፣ በሕይወትና በሞት መካከል ያለ በሽተኛ የያዘ ነው የሚመስለው።

ቀብቶ ሲጨርስ ሻይ የለ፣ ስልክ የለ። የተረፈውን ቀለም ይደፋል፣ ኩባያውን በቲነር ያለቀልቃል፣ ንጹሕ ቲነር ሞልቶ የሚወጣው እንደ ውሃ እስኪጠራ ይረጫል። ከዚያ የመርጫውን መርፌ መዝዞ፣ አፍንጫውን ፈትቶ፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል። አንዱ ባልደረባችን ቀዳዳዋን በሽቦ ቢጎረጉርበት፣ "ያንተን ጆሮ በሚስማር ልጎርጉርልህ?" ብሎ ለሳምንት አኮረፈው።

እኔ የተጋጨ በር የማቃና አዲስ ሠራተኛ ነበርኩ። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ቀን ትቆጥራለች። ከዚያ ሥራ ሌላ ምንም አልነበረንም።

አንድ ቀን ከሰዓት ዶክተሩን ጥርሱ አጣደፈው። ጉንጩን ይዞ መርጫውን ሰጠኝና "አደራ!" አለኝ፤ ሦስቴ። እኔም ከሱ በላይ ላጸዳለት ብዬ፣ ሳልፈታው እንዳለ ቲነር የሞላ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፌው ሄድኩ። እንዴት እንደተኩራራሁ!

በማግስቱ እስከ ቀትር ተቀብቶ ማለቅ ያለበት አውቶብስ ቆሞ ይጠብቃል። ዶክተሩ ጭንብሉን አጥልቆ ተኮሰ። መርጫው ትፍ፣ ትፍ አለና የአውቶብሱን አዲስ በር በነጠብጣብ አዥጎረጎረው። ፈትቶ አየው። ውስጡ ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ቲነር ጠጥተው አብጠዋል። ቀና ብሎ አየኝ።

የጋራዡ ባለቤት እየጮኸ መጣ። "ማነው እንዲህ ያደረገው? ዛሬ አንድ ሰው ከዚህ ግቢ ይባረራል!"

እኔ ነኝ ልል ነበር፤ ግን ሚስቴ ብቻ ናት የታየችኝ።

"እኔ ነኝ ጋሼ" አለ ዶክተሩ። "ጥርሴን ሲያመኝ ዘፍዝፌው ሄድኩ።"

ባለቤቱ ያን ኩሩ ሰው በሁላችንም ፊት እንደ ሕፃን ልጅ ሰደበው። ሌላ ቀቢ ስለሌለው ግን አላባረረውም። እኔን ቢሆን ያኔውኑ ነበር የሚያስወጣኝ።

ባለቤቱ ሲሄድ ዶክተሩ ወደኔ መጣ። በጥፊ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ካልሲ መሰለህ የምትዘፈዝፈው? ተፈትቶ ነው የሚታጠበው፣ አንተ ደደብ! ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። በል ሚስትህ ጋ ደውል፣ እንዴት እንዳደረች ጠይቃት።"

ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች። ጋራዡ ውስጥ እስከ ዛሬ "ዶክተሩም አንዴ በሽተኛውን ገድሏል" እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። እናንተ ሰዎች፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።