የኮምፕላይ አሽከር

[ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ፣ አሥራ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። ፋንታሁን በጠጅ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጧል። በጣሊያን ጦርነት ጊዜ ለአንድ እንግሊዝ ሻለቃ ድንኳን ተካይ ነበር፤ እንግሊዝኛ ከእሱ ጋር ጎንደር ገብቶ ከእሱ ጋር የሚወጣ ይመስለዋል። ጎረቤቱ፣ የወገራው ሰው ባለ ሉካንዳው አያ ዳኛው፣ የተዋሰውን ዶማ ይዞ ቆሟል።]

ፋንታሁን፦ ሰባት ቀን ሙሉ ይዘኸው ከርመህ እንዲህ ጭቃ አልብሰህ ታመጣልኛለህ?

ዳኛው፦ ምነው ፋንታሁን፣ ዶማ አይደል?

ፋንታሁን፦ የኔ ዶማ ነው! ወልውለው!

ዳኛው፦ [በጋቢው ጫፍ እየወለወለ] እሺ። ያን የጤና ሹሙን ወረቀትስ አንብበህ ጨረስከው?

ፋንታሁን፦ አማርኛውን ተወው። «በሰባት ቀን የመጸዳጃ ጉድጓድ ያልቆፈረ ቤቱ ይታሸጋል» ይላል፤ ያን ማንም ያነበዋል። ጉልበቱ ያለው ከማኅተሙ ሥር፣ በእንግሊዝኛው ላይ ነው። ኮምፕላይ!

ዳኛው፦ ምን ማለት ነው?

ፋንታሁን፦ ለደንብ መታዘዝ። ግን እንደ ተራ ቃል ብቻውን አይሄድም። «ዊዝ» የሚሉት ከኋላው ይከተለዋል።

ዳኛው፦ አሽከር አለው በለኛ! ትልቅ ሰው ነው።

ፋንታሁን፦ ቃል ነው እንጂ ሰው አይደለም!

ዳኛው፦ አሽከሩ ምን ይይዝለታል? ጠመንጃ?

ፋንታሁን፦ ኧረ በሥላሴ! ምንም አይይዝም!

ዳኛው፦ ታዲያ ባዶ እጁን ምን ይከተለዋል?

ፋንታሁን፦ ይኸው፣ ይህን ባለማወቅህ ዛሬ ሉካንዳህ ይታሸጋል። እኔ ሰባት ቀን ቁጭ ብዬ አጥንቼዋለሁ።

ዳኛው፦ ሸጋ። ጉድጓዱንስ?

ፋንታሁን፦ መጀመሪያ ቃሉ!

[ተቆጣጣሪው ተክለ ጊዮርጊስ የማሸጊያ ሰም ይዞ ይመጣል። ፋንታሁን ብድግ ይላል።]

ፋንታሁን፦ [በእንግሊዝኛ] ሰር! አይ ኮምፕላይ! ዊዝ!

ተክለ ጊዮርጊስ፦ ጎበዝ። ጉድጓዱ የት አለ?

ፋንታሁን፦ ...ቃሉን እኮ...

ተክለ ጊዮርጊስ፦ አያ ዳኛው፣ የእርስዎን ከጓሮ አይቼው መጣሁ። ከሰው ቁመት ያልፋል። እንዲህ ነው እንጂ!

ፋንታሁን፦ [አፉን ከፍቶ] ቆፍረሃል? ሳይገባህ?

ዳኛው፦ አማርኛው ገብቶኝ ነበር።

ተክለ ጊዮርጊስ፦ [ሰሙን እያወጣ] እንግዲህ ጠጅ ቤቱ...

ዳኛው፦ እባክዎ ጌታዬ፣ እስከ ነገ ማታ ዋሱ እኔ ልሁን።

ተክለ ጊዮርጊስ፦ እርስዎ ካሉ ይሁን። እስከ ነገ ማታ!

[ይሄዳል። ዳኛው የሚያብረቀርቀውን ዶማ ለፋንታሁን ያስጨብጠዋል።]

ዳኛው፦ በል ኮምፕላይ፣ ቅደም። እኔ አሽከርህ ከኋላ እየተከተልኩ አፈሩን አወጣልሃለሁ።

ፋንታሁን፦ [አንገቱን ደፍቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል።]

ዳኛው፦ አደራህን ግን ዶማውን አሁን ነው የወለወልኩት፤ ጭቃ እንዳታስነካው!