የሦስት መቶ ሳምቡሳ ስሌት

የተማረ ሰው ድግስ ሲያስብ እንደኛ ድስት አይቆጥርም፤ መስመር ያሰምራል። መስመሩን አልጠላም፤ እኔም እስከ ስምንተኛ ክፍል ብዙ አስምሬያለሁ። ያለእኩልነት የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ነው ሽማግሌ የተላከብኝ። ምዕራፉ ሳያልቅ የእኔ ትምህርት አለቀ፤ ባሌን ተከትዬ አሶሳ ገባሁ። ጥዬው የመጣሁት ምዕራፍ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እስከዚህ ይከተለኛል ብዬ መች ጠረጠርኩ?

ልጄ ትምህርት ስትጀምር ክልሉ አዲስ፣ መሥሪያ ቤቱ አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ ነበር። አሮጌ የቀረው የልጄ የብርቱካን ክፍል ጣሪያ ነው። የሣር ክዳኑን ምስጥ በልቶት ትንንሾቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ይማራሉ። በበጋ ደግ ነው፤ የአሶሳ ዝናብ ሲጀምር ግን ማንጎ ጃንጥላ አይሆንም። ዳይሬክተሩም ዝናቡ ጣሪያውን ከቀደመው ልጆቹ እስከ መስከረም ቤታቸው ይቀመጣሉ ብለው ቁርጡን ነገሩን። ሴት ልጅ ቤት መቀመጥ እንዴት እንደምትጀምር አውቃለሁ። ሲጀመር ሁልጊዜ ‹እስከ መስከረም› ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሳምቡሳና የከርከዴ መጠጥ ሸጠን ቆርቆሮ እንግዛ ተባለ። (ቆርቆሮ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ፣ ለማድቤቴ ብዬ አንድ በአንድ አጠራቅሜ አልጋ ሥር ያስቀመጥኳቸው ይመስክሩ።) ይኼኔ ከጎጃም የተመደቡልን የሒሳብ መምህር ጠመኔ አነሡ። ሳምቡሳው ኤክስ፣ ከርከዴው ዋይ ሆነ። ያለን ዘይት ከሦስት መቶ ሳምቡሳ በላይ አይጠብስም፤ አንድ መስመር። ስኳሩ ከሁለት መቶ ብርጭቆ በላይ አያጣፍጥም፤ ሌላ መስመር። ሻጭ ደግሞ በአንድ ከሰዓት ሁለቱ ተደምረው ከአራት መቶ በላይ ማስተናገድ አይችልም፤ ሰያፍ መስመር። ከመስመሮቹ ወዲህ ያለውን በጠመኔ ቀቡና፣ ሳምቡሳ የበለጠ ስለሚያተርፍ መልሱ እዚች ማእዘን ላይ ነው ብለው ነጥብ አደረጉ፦ ሦስት መቶ ሳምቡሳ፣ አንድ መቶ ከርከዴ።

እውነት ለመናገር ስሌቱ አማረኝ። ጎረቤቴ ሐዋ ብቻ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እንግዳ የት ላይ ጻፍከው?» አለች። መምህሩ ‹አንተ› መባላቸውን ዋጥ አድርገው፣ የሚመጣው እንግዳ ሳይሆን ደንበኛ ነው አሏት። ሐዋ «እሺ» አለች። የሐዋን እሺ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሻጭ ይመረጥ ሲባል ደግሞ፣ «የብርቱካን እናት ትሁን፤ ዝምተኛ ናት፣ ከሰው አትጣላም» ተብሎ ተጨበጨበ። ይታያችሁ! ዝምተኛን ገንዘብ ሰብሳቢ ማድረግ እንቅልፋም ዘበኛ እንደ መቅጠር አይደለም?

በቀኑ ቀድመው የደረሱት የሰፈሩ ትልቅ ሰው ሼህ ኢድሪስ ናቸው። የተቆለለውን ሳምቡሳ፣ የቀላውን ከርከዴ ቃኙና ከራማ መሰላቸው። ከራማ እዚህ አገር ለፈጣሪ ምስጋና ተብሎ ለመጣ ሁሉ የሚቀርብ ድግስ ነው። እጃቸውን ዘርግተው ለልጆቹ ዱዓ አደረጉ፤ ግቢው በሙሉ አሚን አለ። እኔም አልኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ አሚን ባልኩበት አፍ ‹ሒሳብ ይክፈሉ› ልበል?

እሳቸውን ያየ ሁሉ ተከተለ። የባሌ አለቃ መጡ፤ የባል አለቃ ሒሳብ ይጠየቃል? አንዳንዱ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ «ኧረ በሞቴ!» እላለሁ፤ እጁ ደስ ብሎት ይመለሳል። መጨረሻ ላይ መምህሩ ራሳቸው እየተቃጠሉ መጥተው ምን እየሠራሽ ነው አሉኝ። ደክሞዎታል፣ ይቅመሱ አልኳቸው። ሁለት ሳምቡሳ በሉ። እጃቸው ወደ ኪስ ሄደ። «ኧረ በሞቴ፣ መምህር!» የእሳቸውም ተመለሰ።

ሦስት መቶው ሳምቡሳ ልክ እንደ ስሌቱ አለቀ። የገንዘብ ሣጥኑ ውስጥ የተገኘው ግን ጠዋት ለመልስ ብለን ያስገባነው ዝርዝር ብቻ ነው። በመንጌ ወረዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ጉርምርም አለ። ብርቱካን ቀሚሴን ጎትታ፣ «እማ፣ ነገ ትምህርት አለ?» አለችኝ።

ሼህ ኢድሪስ የመምህሩን ፊት አይተው ማን ሞቶበት ነው ብለው ሐዋን ጠየቁ። ሐዋ በበርታኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ሣቁ፣ ከዚያ ሄደው የግቢው በር ላይ ቆሙ። «ወላሂ፣ በልቶ ዝም የለም! የልጆች ጣሪያ ነው የበላነው! እኔ ሁለት ቆርቆሮ። አንተስ?» በሰው ፊት ‹አንተስ› ተብሎ ዝም የሚል ማን አለ? የባሌ አለቃ ሦስት አሉ። ባለሱቁ ሚስማሩ በእኔ ነው አለ። አለቃው ዞር ብለው ሲያዩት፣ ባሌ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኛም ቤት አልጋ ሥር የተቀመጠ አለ፤ ሁሉንም!» አይል መሰላችሁ! ግቢው አጨበጨበ። እኔስ? ዝምተኛ ናት ተብዬ የለ? ዝም አልኩ።

ጣሪያው ዝናቡን ቀደመው። ብርቱካን ሳትረጥብ ትማራለች። ማድቤቴ ግን በዚህም ያፈሳል፣ በዚያም ያፈሳል፤ ከሚያፈሱት ቦታዎች ወዲህ የቀረችኝ አንዲት ደረቅ ማእዘን ናት። ያ ያቋረጥኩት የያለእኩልነት ምዕራፍ ገና አሁን ገባኝ።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዶፉ ሲወርድ መምህሩ ስሌታችን ተሳካ ብለው ሊያመሰግኑኝ መጡ። እሳት ላይ ስለነበርኩ ማድቤቱ ድረስ ገቡ። ኮታቸው እየተንጠባጠበ ጣሪያውን ቃኙ፣ ወለሉን ቃኙ፣ በሒሳብ ሰው ዓይን ማእዘኗን ለዩና፣ «እዚች ጋ አያፈስም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አያፈስም መምህር፤ ኧረ በሞቴ ይቀመጡባት!» አልኩና እኔ ከሚያፈሰው ሥር ቆምኩ።