ታፔላ የሌለው ምግብ ቤት

ቱሪስት፦ ጸጉር አስተካካይ ነው። አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ ስለተመለሰ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ሙገሳ ይመስለዋል።

ቧንቧ፦ የቱሪስት ሚስት ታናሽ ወንድም፣ ቧንቧ ሠራተኛ። የሚያገባትን ልጅ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት ወደ ሩቅ ከተማ ሲመጣ፣ አፍ እንዲሆነው ቱሪስትን ይዞ መጥቷል።

(የሰው ቤት ሳሎን። ግድግዳው ላይ የቤተሰብ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ጥግ ላይ የልጅ ብስክሌት ቆሟል። ሁለቱ ነጭ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ባለቤቶቹ ማድቤት ናቸው። ቱሪስት የወይን ብርጭቆ ያሽከረክራል። ወይኑ ይረጫል።)

ቧንቧ፦ ጋሼ፣ ፈሰሰ እኮ!

ቱሪስት፦ አልፈሰሰም፣ ተነፈሰ። ወይን የሚተነፍሰው ሲሽከረከር ነው።

ቧንቧ፦ የተነፈሰው ጠረጴዛ ልብሱ ላይ ነዋ! ይዩት፣ ቀዩ ነጩ ላይ!

ቱሪስት፦ የራሳቸው ጉዳይ ነው። የማጠቢያውን ሂሳብ ላይ ይጨምሩታል። ይልቅ አንተም አሽከርክር።

ቧንቧ፦ እኔስ ብጠጣው ይሻለኛል። ጉሮሮዬ ደርቋል፣ ጀርባዬ ላብ በላብ ሆኗል።

ቱሪስት፦ ምን ያስፈራሃል? አሁን እኮ ምሳ እየበላን ነው። አማቶችህ ጋ ስንደርስ ያኔ ያልብሃል።

ቧንቧ፦ ስንደርስ?

ቱሪስት፦ ምን ነበር ያልኩህ? አማት ቤት ተርቦ አይገባም። የተራበ ሰው ለሁሉም እሺ ይላል። መጀመሪያ ርካሽና ጥሩ ቤት ገብተን ጥግብ እንላለን፤ ከዚያ እንደ ጌታ ሄደን «ልጃችሁን ስጡን» እንላለን። ለባለታክሲው አልነገርኩትም? «ታፔላ የሌለው፣ የአገሬው ሰው ብቻ የሚያውቀው ቤት አድርሰን» ነው ያልኩት።

ቧንቧ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ሻንጣ ሲጭኑ እኮ እኔ ለሹፌሩ አድራሻውን...

ቱሪስት፦ ዝም በል! የጉዞ ሕግ ቁጥር አንድ፣ አስጎብኚ ሲናገር አይቋረጥም። እስቲ ቤቱን እየው። ታፔላ የለ፣ ሜኑ የለ፣ ዋጋ የለ። ሌላ ሰው ቢሆን የሰው ቤት ነው ብሎ ያልፈው ነበር።

ቧንቧ፦ ኧረ ልክ ነው!

ቱሪስት፦ እኔ ግን ከበሩ ላይ ሽታውን ሳብ ሳደርግ አወቅኩት።

ቧንቧ፦ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎችስ አዩዋቸው?

ቱሪስት፦ ደንበኞች ናቸው። ደህና ምግብ ቤት ትልልቅ ሰው ሲመጣለት ፎቶ አንስቶ ይሰቅላል።

ቧንቧ፦ ያኛው እኮ ሕፃን ነው፤ ሳፋ ውስጥ እየታጠበ።

ቱሪስት፦ ያኔ ነዋ ሕፃን። ዛሬ የት እንደደረሰ ታውቃለህ?

ቧንቧ፦ ብስክሌቱስ?

ቱሪስት፦ ምግብ ለየቤቱ ማድረሻ ነው።

ቧንቧ፦ ሦስት ጎማ ያላት ናት እኮ ጋሼ።

ቱሪስት፦ ሩቅ አያደርሱም ማለት ነዋ!

(አባትየው፣ ሽበታም ሰው፣ በእጃቸው የጠመቁትን ወይን መለያ በሌለው ጠርሙስ ይዘው ይገባሉ። ለቱሪስት ጨምረው አጠገቡ ይቆማሉ፤ ምን እንደሚል ጓጉተዋል።)

ቱሪስት፦ (አሽትቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ) እምምም... እንጨት አለው። ትንሽ ጭስም። ከኋላ ደግሞ ዝናብ የመታው ካፖርት ይመጣል። አባባ፣ ይሄን ይመልሱልንና ሌላ ያምጡ።

(አባትየው ጠርሙሱን ያያሉ፣ ቧንቧን ያያሉ፣ ጠርሙሱን አቅፈው ይወጣሉ።)

ቧንቧ፦ ጋሼ ምን አደረጉ! በገዛ እጃቸው የጠመቁት ነው!

ቱሪስት፦ አስተናጋጅ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። የመጀመሪያ ጠርሙስ ሁልጊዜ ይመለሳል። ለማያውቁት ሰው የሚቀዱት አተላውን ነዋ! ስትመልስባቸው «ይሄ ሰውዬ ገብቶታል» ይሉና ከጓዳ ደህናውን ያወጣሉ፤ በዚያው ዋጋ።

(አባትየው ሌላ ጠርሙስ ይዘው ይመለሳሉ። ይቀዳሉ። ፈገግታቸው ቀንሷል።)

ቱሪስት፦ (ተጎንጭቶ) አየኸው? ሐር! ሐር ነው የሚለው! ከዚያኛው ጋር ይገናኛል?

ቧንቧ፦ (አባትየው እስኪወጡ ጠብቆ) ከዚያው ጄሪካን ነው የቀዱት። በበሩ አየኋቸው።

ቱሪስት፦ ዐይን ያያል፣ ምላስ ነው የሚያውቀው። እኔ ውጭ እያለሁ ወይን ከውሃ ይረክስ ነበር። ውሃ የነካሁት ጥርሴን ስፍቅ ብቻ ነው።

ቧንቧ፦ ብዙ አገር አዩ ጋሼ?

ቱሪስት፦ አብዛኛውን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ነበርኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ግን የአገር ፊት ነው፤ ፊቱን ካየህ ሌላው ትርፍ ነው። ደግሞ ምክር ልስጥህ፣ ስትጓዝ ገንዘብ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳትመነዝር። ይገፍፉሃል።

ቧንቧ፦ እርስዎ የት መነዘሩ?

ቱሪስት፦ አውሮፕላን ማረፊያ። ሌላ የት ሄጄ?

(የቧንቧ እጮኛ ሾርባና የተጠበሰ ዶሮ ይዛ ትገባለች። ቱሪስት ከዚህ ቀደም አይቷት አያውቅም። ቧንቧን አይታ ሳቋን ዋጥ ታደርጋለች። የቧንቧ ጆሮ ሳይቀር ይቀላል። ሁለቱንም አስቀምጣ ትወጣለች።)

ቱሪስት፦ ይቺ አስተናጋጅ ምን ሆና ነው የምትሽኮረመምብህ?

ቧንቧ፦ ቆንጆ አይደለችም ጋሼ?

ቱሪስት፦ አፈር ብላ! የሰው ልጅ ልትለምን መጥተህ አስተናጋጅ ታያለህ? ይሄን እህትህ ብትሰማ ምን ትላለች?

ቧንቧ፦ እህቴማ በስልክ ታውቃታለች። በጣም ነው የምትወዳት።

ቱሪስት፦ የት አባቷ ታውቃታለች? ከከተማ ወጥታ አታውቅም! አንተ፣ ወይኑ ወጣብህ እንዴ? አስቀምጠው።

ቧንቧ፦ ጋሼ፣ በእናትዎ አንድ ነገር ልንገርዎት። ይሄ ቤት...

ቱሪስት፦ ዝም አይነቅዝም! ብላ።

(እናትየው እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ይመጣሉ። ሾርባው ተወድዶ እንደሆነ በዐይናቸው ይጠይቃሉ።)

ቱሪስት፦ እማማ፣ እኔ እውነቱን ነው የምናገረው፤ ለእርስዎም ይጠቅማል። ድንቹ በዝቷል፣ ጨው ፈርተዋል፣ ማንኪያው ደግሞ ያረጀ ነው። ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል ሰጥቼዎታለሁ። ለርካሽ ቤት አይከፋም።

ቧንቧ፦ (ከወንበሩ ብድግ ብሎ) እኔ እንዲህ ያለ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም! ይጨመርልኝ! እንደውም እርስዎ አይድከሙ፣ ሰሐኑን እኔ ላምጣው። (ሰሐኖቹን መሰብሰብ ይጀምራል።)

ቱሪስት፦ ቁጭ በል! ደንበኛ ሰሐን አያነሳም! ስታነሳ ያዩህ እንደሆነ ለምደው ነገ ጭልፋ ያስይዙሃል።

(ቧንቧ ሰሐኖቹን ለእናትየው ተሸክሞ ሄዶ ይመለሳል። ቱሪስት ይህን ጊዜ የተረፈውን ዶሮ በጠረጴዛ መሐረብ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ይከታል።)

ቧንቧ፦ ጋሼ! ምንድነው የከተቱት?

ቱሪስት፦ ዶሮ ነዋ። ሂሳቡ ውስጥ አለ። አስተዋይ መንገደኛ በአንድ ሂሳብ ሁለቴ ይበላል።

ቧንቧ፦ ይመልሱት! እባክዎ ይመልሱት! ይቺን ልጅ ካጣኋት ሌላ አላገኝም። እኔ ሰው ፊት ስቀርብ አፌ እንደሚተሳሰር ያውቃሉ። እሷ ብቻ ናት ቁጭ ብላ የጠበቀችኝ፣ ቃሉ ከአፌ እስኪወጣ።

ቱሪስት፦ (ራርቶ፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) አይዞህ። ማን አጠገብህ እንዳለ ረሳህ? እዚያ ስንደርስ አንተ ምንም አትናገር። አፍህ እኔ ነኝ። አሁን እንደዚህ ስናገር እንዴት ሰጥ ለጥ ብለው እንደሚያስተናግዱን አላየህም?

ቧንቧ፦ (ፊቱን በእጁ ሸፍኖ) አይቻለሁ።

ቱሪስት፦ በል እንግዲህ ከፍለን እንሂድ፤ አማቶችህን አናስጠብቅ። (ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያወልቃል።)

ቧንቧ፦ ደግሞ ምን ሊያደርጉ ነው?

ቱሪስት፦ የጉዞ ገንዘብ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የታክሲው ኪሴ ውስጥ ነው፣ የአልጋው ባርኔጣዬ ውስጥ፣ የምግቡ ካልሲዬ ውስጥ።

ቧንቧ፦ የምግቡ ካልሲ ውስጥ?

ቱሪስት፦ ሌባ አይነካውማ።

ቧንቧ፦ ማንስ ይነካዋል!

ቱሪስት፦ (አንድ እግሩን በካልሲ አውጥቶ፣ ያጨበጭባል) ሂሳብ! ኧረ የቤቱ ሰዎች! ሂሳብ!

(አባትየው፣ እናትየውና ልጅቷ ተከታትለው ይመጣሉ። ቱሪስት ከካልሲው የረጠበ ገንዘብ ስቦ ያወጣና አባትየው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። አባትየው ገንዘቡን በሁለት ጣት ይይዙታል። ሁሉም ቧንቧን ያያሉ።)

ቱሪስት፦ መልሱን ይያዙት አባባ። ልብስ ይግዙበት።

ቧንቧ፦ (ይነሳል።) አባባ... እማማ... ይቅር በሉኝ። እኔ መናገር አልችልም። ልጃችሁን... ልጃችሁን እወዳታለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። እኚህ የእህቴ ባል ናቸው። እህቴ መርጣ ያገባቻቸው ናቸው፣ እኔ ምን ላድርግ?

ቱሪስት፦ (ሸሚዙን እየጎተተ) አንተ ሰከርክ እንዴ? ምግብ ቤት መሐል ትለማመዳለህ? እዚያ ስንደርስ በልልኝ!

(አባትየው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የተቆጡ ይመስላል፤ ሳቅ ነው። እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ቧንቧን አቅፈው በጆሮው አንድ ነገር ይነግሩታል። ገንዘቡን የቱሪስት ባርኔጣ ውስጥ መልሰው፣ እናትየውንና ልጅቷን ይዘው እየሳቁ ወደ ማድቤት ይገባሉ።)

ቱሪስት፦ ምን አለህ? ቅናሽ አደረገልን?

ቧንቧ፦ (እንባውን እየጠረገ) ከቅናሽም በላይ ነው ጋሼ።

ቱሪስት፦ በነጻ? አላልኩህም! ጠርሙሱን መመለሴ ነው የጠቀመን!

ቧንቧ፦ ልጃቸውንም ሰጡኝ።

ቱሪስት፦ የቷን ልጃቸውን?

ቧንቧ፦ ሾርባ ያመጣችውን። እጮኛዬን።

ቱሪስት፦ አስተናጋጇን? አንተ ጉድ፣ አማቶችህ እየጠበቁን... (ያቆማል። ፎቶዎቹን ያያል። ብስክሌቱን ያያል። ወይን የፈሰሰበትን ጠረጴዛ ልብስ ያያል። ቀስ ብሎ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ይደብቃል።) ይሄ... ምግብ ቤት አይደለም?

ቧንቧ፦ አማቶቼ ቤት ነው።

ቱሪስት፦ ከመቼ ጀምሮ?

ቧንቧ፦ ገና ከበሩ ጀምሮ።

ቱሪስት፦ (ራሱን ይዞ) ዶሮው! ሁለት ተኩሉ! ካልሲው! ምነው ብትነግረኝ? ምነው አፌን ብትይዘኝ?

ቧንቧ፦ ልነግርዎት ስል «ዝም በል» አሉኝ። አባቷም ዝምታዬን ነው ያዩት። «ይሄን ሁሉ አጠገቡ ተቀምጦ ያልጮኸ፣ ያልተሳደበ፣ ጭራሽ ሰሐን ያነሳ ልጅ፣ ቤት ማቆም አያቅተውም። ልጄን ውሰድ» ነው ያሉኝ።

ቱሪስት፦ (ትንሽ ደስ ብሎት) ታዲያ ያው በእኔ አይደል የተሳካልህ? እህትህ እግሬ ላይ ወድቃ «ያለ አንተ ማን ይናገርለታል፣ አብረኸው ሂድ» ስትለኝ ያለምክንያት መሰለህ? ችሎታዬን ታውቃለች!

ቧንቧ፦ ታውቃለች ጋሼ። ልንነሳ ስንል እኔንም ለብቻዬ ጠርታኝ ነበር።

ቱሪስት፦ ምን ብላ?

ቧንቧ፦ «አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ መናገር አይጠበቅብህም። ባሌን ብቻ አጠገብህ አስቀምጠው። ከእሱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አስተዋይ ይመስላል። ሰፈሩ እኔን ብልህ ሴት የሚለኝ በምን መሰለህ?»